ጎመን በጤና ለማን?

«ጎመን በጤና» ብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ሥጋ የተወደደ ዕለት እንላታለን። ነገር ሊከር ሲል ከክርክሩ እየወጣን እንላታለን። ቪዛ የተከለከለ ጓደኛችን «በቃ ይቅርብኝ፣ ጎመን በጤና» እያለ ሻዩን ያማስላል። ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ግን ሙሉ የኑሮ ፍልስፍና ተሸክማለች፦ ስጋት ይዞ ከሚመጣ ትልቅ ነገር፣ በሰላም የሚበላ ትንሽ ነገር ይሻላል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የምኖረውም የምሠራውም ጎንደር ነው። ይቺን አባባል በቁም ነገር መመርመር የጀመርኩት በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ክልላችን ውስጥ ውጊያ ተቀስቅሶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ለሌላው ሰው ዜናና ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ማረሻና በሬ ነው። ሥራ ቆመ፣ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ። የጓሮው ጎመን ደግሞ ዝናቡን ጠጥቶ ጉልበት ድረስ ደረሰ። በሳምንት አምስት ቀን ጎመን በላን። እናቴ ሳህኑን ስታቀርብ «ተመስገን በል ልጄ፤ ጎመን በጤና ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነበር፤ ወጥቶ መግባት ብርቅ በሆነበት ሰሞን ጤና ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር፦ ባለ ነገር መርካት መቼ ነው ጥበብ የሚሆነው? መቼስ ነው ሽንፈትን በጥሩ ስም መጥራት የሚሆነው?

ጥያቄው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እንዲያውም በዚሁ በቅጠል ላይ ከ2300 ዓመት በፊት ግሪክ ውስጥ ተከራክረውበታል። በጋን ውስጥ ያድር የነበረው ፈላስፋ ዲዮጋን አንድ ቀን ቅጠል እያጠበ ሳለ፣ የንጉሥ ግብር መታደም የሚወደው አሪስጢጶስ በዚያ ያልፋል ይባላል። ዲዮጋን «ይሄን መብላት ብትለምድ ኖሮ ነገሥታትን ደጅ ባልጠናህ» አለው በሚል መንፈስ ይነካዋል። ሌላውም አልተኛም፤ ከሰው ጋር መኖር ብታውቅ ኖሮ አንተም ቅጠል ስታጥብ ባልዋልክ ዓይነት መልስ ሰጠው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው የዲዮጋንን ወገን ነው። ጎመን የሚበቃው ሰው ጌታ የለውም፤ ትንሽ የሚፈልግን ሰው በትልቅ ነገር ማስፈራራትም መግዛትም አይቻልም። መጽሐፈ ምሳሌም (15፥17) ፍቅር ባለበት ቤት የሚበላ ጎመንን ጥል ካለበት ፍሪዳ ያስበልጠዋል። እስከዚህ ድረስ «ጎመን በጤና» የነፃ ሰው ቃል ናት።

ችግሩ የሚመጣው አሪስጢጶስም ትንሽ እውነት እንዳለው ስናስብ ነው። ዲዮጋን ቅጠሉን የመረጠው ሌላውን ማግኘት እየቻለ ነው? ወይስ አላገኘውምና ናቀው? ኤዞፕ ተረት ውስጥ ያለችው ቀበሮ ወይኑ ሲርቅባት «ድሮም ጎምዛዛ ነው» ብላ ሄዳለች። ዮን ኤልስተር የተባለው የኖርዌይ ፈላስፋ በ1983 እ.ኤ.አ. በዚህች ቀበሮ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው የማያገኘውን ነገር ላለመፈለግ ራሱን ሳያውቀው ያሠለጥናል፤ ስለዚህ «እኔ ይሄ ይበቃኛል» ማለቱ ብቻውን በቅቶት እንደሆነ አያረጋግጥም።

ይሄን ነገር ወደ እኛ ምድር ያመጣልኝ ግን ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ነው። ሴን በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ሲሆን፣ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ መርምሯል። ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል፦ በሀገር ደረጃ እህል አልጠፋም ነበር። የጠፋው የወሎ ገበሬ እህሉን የራሱ የሚያደርግበት አቅም ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ተጭኖ የወጣ እህል ነበር። ይሄው ሰው ሌላ ቦታ ላይ ያነሳው ምሳሌ ደግሞ ለእኛ ሀገር ተብሎ የተቆረጠ ይመስላል። የሚጾም ሰውና የሚራብ ሰው የሚበሉት መጠን እኩል ሊሆን ይችላል ይላል። ሆዳቸው ቢመዘን ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚጾመው መብላት እየቻለ መተዉ ነው። የሚራበው ግን የሚተወው ነገር የለውም።

ጎንደር ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ኦርቶዶክስ ምእመን ሁሉንም አጽዋማት ከጾመ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ጎመን የማዕዱ ባለቤት ነው፤ በየአይነቱ ላይ ከሽሮውና ከምስሩ ጎን አረንጓዴ ሆኖ ካልተቀመጠ ነገሩ ጎደሎ ይመስላል። ከእኛ ከተማ በስተሰሜን ባለው በዋልድባ ገዳም ደግሞ እህል ጭራሽ ትተው ከሙዝ ሥር በሚዘጋጅ ቋርፍ የሚኖሩ መነኮሳት አሉ። ማንም ሰው ዋልድባ ደርሶ ተመልሶ «ምስኪኖች፣ የሚበሉት አጥተው ነው» አይልም። እንዲያውም ይሳለማቸዋል። ግን ያንኑ ቋርፍ የሚመስል ነገር በድርቅ ዓመት ሥር ምሳ ለልጆቿ የምታቀርብ እናት ብናይ፣ እሷን መሳለም ሳይሆን እሷ ዘንድ መድረስ ነው የሚጠበቅብን። ሥሩ ያው ሥር ነው፤ ቅጠሉም ያው ቅጠል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ምንቸት ውስጥም ይታያል። የእናቴ ጎመን እንዲህ ነው፦ ቅጠሉ ታጥቦ፣ ወፍራሙ አንጓ ወጥቶ፣ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ለአጭር ጊዜ ይቀቀልና ውኃው ይጨመቃል። ሽንኩርት በኑግ ዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል፤ ጎመኑ ተጨምሮ ቀስ ብሎ ይበስላል። መጨረሻ ላይ ቃሪያ ተሰንጥቆ ጣል ይደረግበታል፣ እንዳይሞት። አያቴ ወገራ ላይ በክፉ ክረምት ትሠራው የነበረው ጎመን ደግሞ ውኃና ጨው ነው። በቃ። ሁለቱም «ጎመን» ነው የሚባሉት።

ሁለቱን የሚለያቸው ዘይቱ ነው፤ ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎመን ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር የሚሟሟው በስብ ነው። ቅባት ከሌለበት ሰውነት የሚወስደው ትንሽ ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በውኃ ይሟሟል፤ ሲቀቀል ይቀንሳል፣ የተጨመቀው ውኃ ሲደፋ ደግሞ ከቀረውም የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ «ጎመን በጤና» ስንል ጤናው ቅጠሉ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከጎኑ ማንኪያ ዘይት አለ፣ ዘይት መግዣ ብር አለ፣ ገበያ የሚያደርስ ሰላማዊ መንገድ አለ። ዘይቱን ነጥቀን «ጎመን በጤና» ብንል ጎመኑን እንጂ ጤናውን አልሰጠንም።

ወላጆቻችን ይሄን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር የምለው ሌላ አባባል ስላላቸው ነው። መስከረም ሲጠባ፣ ችቦ ተይዞ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ይባላል። ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ ነው። በደጋው ሐምሌና ነሐሴ የጎተራው ወለል የሚታይበት ጊዜ ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገብስና ስንዴ ገና ማሳ ላይ ነው። ዝናቡ ደግሞ ጎመኑን ያፈላዋል። ስለዚህ ሰው በጎመን ክረምቱን ይሻገራል። መሻገሪያ ነው። ማዶ ሲደርስ ግን ድልድዩ ላይ ቤት አይሠራም፤ ጎመኑን ስላኖረው አያመሰግነውም ማለት ሳይሆን «በቃህ፣ ውጣ» ይለዋል።

ሁለቱን አባባሎች አንድ ላይ ሳያቸው የሚከራከሩ ይመስሉኝ ነበር። አንደኛው «ጎመኑን ውደድ» ይላል፣ ሌላው «ጎመኑን አስወጣ»። አሁን ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም ባይ ነኝ። በእኛ ሙያ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ሲስተም አንድ ክፍሉ ሲበላሽ ጨርሶ አይሞትም። አገልግሎቱን ቀነስ አድርጎ ይቆያል፤ ፎቶው ባይከፈት ጽሑፉ ይከፈታል። ይሄ ትልቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን የቀነሰው ሲስተም ቀይ መብራት ያበራል፤ የሆነ ቦታ ለሆነ ሰው «እየሠራሁ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለሁም» ብሎ ይናገራል። መብራቱን አጥፍተን «ይሄው ይሠራ የለ?» ካልን ብልሃቱን ወደ ብልሽት ቀየርነው። «ጎመን በጤና» ቀንሶ መቆየት ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ» ቀዩ መብራት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማቆየት ትንሽ ላውራ። ዓለም ላይ ቅጠልን ለክፉ ቀን የማቆየት ጥበብ ብዙ ነው። ኔፓሎች የጎመን ዘመድ የሆነውን የሰናፍጭ ቅጠል አጠውልገው፣ በዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሲኮመጥጥ ፀሐይ ላይ አድርቀው «ጉንድሩክ» ይሉታል። ዚምባብዌ ውስጥ ቅጠሉን ቀቅለው ያደርቁታል። ኮሪያውያን ክረምት ሳይገባ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ኪምቺ የሚሠራበት ልማድ በ2013 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኛስ? ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ፣ ገብሱን በሶ እናደርጋለን። ጎመንን ግን በእኛ ቤት ማንም ሲያደርቀው አላየሁም። ለረጅም ጊዜ ይሄ ጉድለት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ያስተዋልኩት አያቴ ጎመን ስትቀነጥስ ነው። ከታች፣ የበሰለውን ቅጠል፣ ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ወይ ሁለት ትወስዳለች። መሐሉን አትነካም። በሳምንቱ ስትመለስ ያው ግንድ ሌላ ቅጠል አውጥቶ ይጠብቃታል። ጓሮው ራሱ ፍሪጅ ነው ማለት ነው፤ ጎመኑ የሚቀመጠው በሕይወት እያለ ነው። ከዚያ ደግሞ ደህና ደህናውን ሁለት ሦስት ግንድ ትለይና «እነዚህ ለዘር ናቸው» ትላለች። እነሱን የሚነካ የለም። ይረዝማሉ፣ ቢጫ ያብባሉ፣ በቀጫጭን ከረጢት ዘር ይይዛሉ። ዘሩ ሲደርቅ ተወቅቶ ቅል ውስጥ ይገባል። ግማሹ ለከርሞ ይዘራል። ግማሹ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፤ የገንፎውም የእንጀራውም ዓለም ያለ ጎመን ዘር አይንሸራተትም።

እንግዲህ አያቴ የምታቆየው ቅጠሉን ሳይሆን ጎመን የመሆን ዕድሉን ነው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ልዩነት አለው። ቅጠል ማድረቅ የዛሬን ምግብ ለነገ ማስተላለፍ ነው። ዘር መያዝ ግን ለነገ ምርጫ ማስተላለፍ ነው፤ ዘንድሮ ወጥ ልትሠራው፣ ከርሞ ልትሸጠው፣ ጎረቤት ልትሰጠው፣ ምጣድ ልታስስበት ትችላለች። ባለ ነገር የረካ ሰውና የተሸነፈ ሰው ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጎመን ይበላሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቅሉ ሲፈተሽ ግን ይለያያሉ። አንደኛው ዘር አለው።

ይሄን ስል ዘሩን የበላ ሰው ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። በክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ፣ በሽታ የሀገሩን ከብት ጠራርጎ ሲገድል ማረሻ የሚጎትት በሬ አልቀረም። ያን ጊዜ ዘሩን ያልበላ ሰው ዘሩን ታቅፎ ሊሞት ይችል ነበር። ሰው ዘሩን እስኪበላ ድረስ ሲደርስ ጥፋቱን እሱ ላይ ሳይሆን እስከዚያ ባደረሰው ነገር ላይ እንፈልግ። ደግሞም ለዚህ ነው ዘር መያዝ የአንድ ቤት ሥራ ብቻ መሆን የሌለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. የዘር ባንክ ሲቋቋም፣ በኋላም ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ለማቆየት በሠሩት ሥራ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲያገኙ፣ መነሻው ይኸው የአያቶቻችን ቅል ነው። በእኛ ቋንቋ ባካፕ በሉት። አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ዳታ እንደሌለ ይቆጠራል፤ አንድ ቅል ብቻ ያለው መንደርም እንደዚያው።

ጎመንን «የድሃ» የሚያሰኘውም ቅጠሉ እንዳልሆነ ማየት የሚፈልግ ዘሩ የት እንደደረሰ ይመልከት። የሀበሻ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ቤተሰብ ልጅ ነው። ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ክሮሞዞም ወርሶ 17 ያለው መሆኑን ውጃንግቹን የተባለው ሳይንቲስት በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። የሁለት ኮድ ውሕደት፣ ያውም ሳይጋጭ! ይሄው ጎመን ደጋችን ላይ ለምዶ የኖረ ተክል ነው። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚህ ጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። በጥር 2018 ደግሞ ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚሁ ተክል የተሠራ ነበር። አንድ ዘር ወገራ ላይ ምጣድ ያስሳል፣ ፓስፊክ ላይ አውሮፕላን ያበራል። ዝቅ ያለው ጎመኑ አይደለም፤ ዝቅ ያለው የያዘው እጅ ያለው አማራጭ ነው።

ስለዚህ «ጎመን በጤና» ጥበብ ናት ወይስ ሽንፈት ብለን ስንጠይቅ ከቃሏ መልስ አናገኝም። ማን ለማን እንዳላት ማየት አለብን። አንድ ጓደኛዬ ደሞዙ የቤት ኪራይ አልሸፍን ሲለው ጭማሪ ጠየቀ። አለቃው ፈገግ ብሎ «ስንቱ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል፤ ጎመን በጤና አትልም?» አለው። ሰውዬው ማታ የሚበላው ጥብስ ነው። እዚህ ጋ አባባሏ ተገልብጣለች፤ የማይጾም ሰው ሌላውን እያስጾመ ነው። ጾም ደግሞ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሲሆን ስሙ ጾም አይደለም። ድምፃችሁን ቀንሱ፣ አትጠይቁ፣ አርፋችሁ ኑሩ ለማለት ይቺን ቃል የሚያውሳት ሁሉ እንደዚያው ነው።

እናቴ ግን ስትለኝ ሌላ ነገር ነበረው። ከዚያው ሳህን ከእኔ ጋር ትበላ ነበር። ዘይቱ ሲያልቅ የሚያልቀው በሁለታችንም ላይ ነው። እና «ጎመን በጤና» ብላኝ ስታበቃ፣ እዚያው ጉርሻ ላይ «ይሄ ነገርህ ሲለቀቅ ግን የት ልትሠራ ነው ያሰብከው?» ትለኛለች። በአንድ አፍ ሁለቱንም ምንቸት ማለት ነው፤ ያለውን አመስግኖ፣ የሚመጣውን አለመርሳት። ይሄ ከአለቃው ቃል ጋር በፊደል አንድ ነው፣ በትርጉም ግን ሰማይና ምድር።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ለራሴ የሚሆን ደንብ አለ፤ ካልተስማማችሁ ደግሞ ተከራከሩኝ። «ጎመን በጤና»ን ለራሴ ስል ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ሌላውን ማግኘት ብችል አሁንም ይሄን እመርጣለሁ ወይ? ለከርሞ የያዝኩት ዘርስ አለኝ ወይ? ዘር ስል ለእኔ ማታ ማታ ኢንተርኔት በሌለበት ኮምፒውተሬ ላይ የማጠናው ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ቁጠባ፣ ለሌላው ዝም ብሎ ያልተወው ጥያቄ። ለሁለቱም መልሴ «አዎ» ከሆነ በሰላም እበላለሁ፣ ማንንም ደጅ አልጠናም። አንዱ «የለም» ከሆነ አሁንም እበላለሁ፤ ጎመን ምን አደረገ? ግን ጥበብ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ክረምት ነው እላለሁ፣ ክረምት ደግሞ ያልፋል።

ለሌላ ሰው ግን «ጎመን በጤና» አልልም፤ ከሳህኑ አብሬው ካልበላሁ በቀር። አብሬው ካልበላሁ ከእኔ የሚጠበቀው ምክር አይደለም፤ ዘይት ይዞ መሄድ ነው።